ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት

ከምህንድስና ትምህርት በወጣሁበት ዓመት፣ ሲሚንቶ የጫነው የአጎቴ አይሱዙ ሞጆ መግቢያ ላይ ባሌስትራው ተሰብሮ ቆመ። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ሾፌሩ ወርዶ ከሥር አጎንብሶ አየና «ጭነት በዛበት» አለ። እኔም በሆዴ አብሬው ፈረድኩ። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስን አንድንም ሁለትንም ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጭነት ከአቅም በላይ ሲሆን ብረት እንደሚሰበር እዚያ አካባቢ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የጋራዡ ባለቤት ቁራጩን ፈትቶ በናፍጣ አጠበው፣ በጨርቅ ወለወለውና ወደ ፀሐይ አዞረው። «ና እስቲ አንተ ኢንጂነር፣ እዚች ጋ እይ» አለኝ። የተሰበረው ፊት ሁለት መልክ ነበረው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠቆር ያለና ለስላሳ ነው፤ ከአንዲት ጥግ ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን ቅስቶች አሉበት፣ ኩሬ እየደረቀ ሲሄድ ዳር ዳሩ ላይ የሚተወውን መስመር ይመስላሉ። የቀረው ሸካራ ነው፤ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። «ይኼ ጥቁሩ የቆየ ነው፣ ስንት ጊዜ ሲበላው ከርሟል። ዛሬ የተሰበረችው ይቺ ነጯ ብቻ ናት። ጭነቱማ ሰበብ ነው» አለኝና ቁራጩን ለቁራሌው በኪሎ ወደሚሸጠው ክምር ወረወረው።

ይህ ምዕራፍ ያንን ክምር ስለሚበረብሩ ሰዎች ነው። ሙያው የጠጣሮች ሜካኒክስ ነው፤ በእንግሊዝ አፍ ስሙ ብዙ ነው፤ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አብዛኛው ተማሪ የሚያውቀው በሁለተኛ ዓመት እንደሚያሸብር ኮርስ ብቻ ነው። ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። ከኮርሱ በስተጀርባ ግን ዕድሜ ልክ የሚያሠራ ሥራና ገና ያልተመለሰ ብዙ ጥያቄ አለ።

ማሰሪያ ሽቦ ለመቁረጥ ጉጠት ያጣ ፌሮ ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ያጥፈዋል፤ ጥቂት ጊዜ እንዳመላለሰው ሽቦው በእጁ ላይ ይቀራል። ያንኑ ሽቦ በሁለት እጁ ስቦ ለመበጠስ ቢሞክር ግን መዳፉ ይቆረጣል እንጂ ሽቦው አይበጠስም። ይህን በመመላለስ የሚመጣ ስብራት ባለሙያዎቹ ፋቲግ ይሉታል። የብረት ድካም ብንለው ያስኬዳል፤ ልዩነቱ የሰው ድካም በእረፍት ሲለቅ የብረት ድካም አለመልቀቁ ነው።

ይህ ነገር ቀደም ብሎ ብዙ ሰው ከፈጀባቸው ቦታዎች አንዱ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 በላይ መንገደኞች በእሳት አለቁ። ከዚያ በኋላም አክስሎች በየአገሩ መሰበራቸውን ቀጠሉ፤ የሚሰበሩትም በየቀኑ ሲሸከሙት በኖሩት ጭነት ነበር። ነገሩን በቁጥር የያዘው አውጉስት ቮለር የሚባል የፕራሻ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነው። ከ1850ዎቹ አንስቶ እስከ 1870 ድረስ ዘንግ እያሽከረከረ፣ ጫፉ ላይ ጭነት እያሳረፈ፣ ስንት ዙር ሲሞላ እንደሚሰበር መዘገበ። ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው በጣም ባነሰ ጭነት፣ ከተደጋገመበት እንደሚሰበር አሳየ። ቮለር ፕሮፌሰር አልነበረም፤ የሚሰበሩት አክስሎች የእሱ ድርጅት ንብረት ስለነበሩ ነው የያዘው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አብዛኛው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ኮሜት በ1952 ሥራ ጀመረ፤ በ1954 በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ኮሜቶች ሰማይ ላይ ተበትነው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቁ። መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ የአውሮፕላን ቀፎ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ውስጥ ውሃ በሞላ ገንዳ ከተው፣ ወጥቶ እንደሚወርድ አውሮፕላን ግፊቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ደጋገሙት። ከእውነተኛዎቹ በረራዎቹ ጋር ተደምሮ 3,057ኛው ዙር ላይ ከአንድ መክፈቻ ጥግ ተቀደደ። አሜሪካዊው ፖል ፓሪስ በዚያው አሥር ዓመት ከቦይንግ ጋር ሲሠራ «ስንጥቁ አለ እንበል፤ በየበረራው ስንት ያድጋል?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን የጻፈበትን ወረቀት የታወቁ መጽሔቶች አንቀበልም ብለው መለሱለት፤ በ1961 ሲያትል ባለው ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ የአንድ አውሮፕላን ክንፍ በየስንት በረራው ይፈተሽ ተብሎ ሲወሰን የእሱ ቀመር ወይም የቀመሩ ዘመድ ከስሌቱ ውስጥ አለ። የሞጆው ሰው በዓይኑ ያየውን የቅስት መስመር ቁጥር ያደረገው ይህ ቀመር ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ መስበር ነበር፤ አዲስ አበባ፣ የማቴሪያል መፈተሻ ላቦራቶሪ ውስጥ። ጓደኞቼ ዲዛይን ቢሮ ሲቀጠሩ እኔ ቱታ ለብሼ ፌሮ እበጥሳለሁ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። እስቲ አንዱን ልብጠስላችሁ።

16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በማሽኑ ሁለት መንጋጋዎች መካከል ይነከሳል። ማሽኑ መሳብ ሲጀምር ቁጥሩ ይወጣል፤ 5 ቶን፣ 6፣ 7። ፌሮው ምንም የተሰማው አይመስልም። 8 ቶን ገደማ ሲደርስ ቁጥሩ ቀጥ ይላል። ማሽኑ አልቆመም፤ ፌሮው ነው መርዘም የጀመረው። ላዩ ላይ ያለው ግራጫ ቅርፊት እየተሰነጣጠቀ እንደ ፎረፎር ወለሉ ላይ ይረግፋል። ከዚያ ፌሮው እንደገና ይበረታል፤ ቁጥሩ ወደ 11፣ 12 ቶን ይወጣል። ቀጥሎ አንድ ቦታ ላይ ወገቡ ይቀጥናል፤ ዓይንህ እያየ እንደ ሰም ይሰለስላል። ቁጥሩ ይወርዳል፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትላለህ፣ ጓ ይላል። ቁራጩን ወዲያው ብትነካው ይሞቃል። አንዱ ጫፍ እንደ ቡና ስኒ ጎድጉዷል፤ ሌላው በዚያ ስኒ ውስጥ ልክ የሚገባ ጉብታ ነው።

ፌሮ ከብዙ ሌሎች ጠንካራ ነገሮች ተለይቶ አርማታ ውስጥ የሚገባው ለዚህ መርዘሙ ጭምር ነው። ብርጭቆም ጠንካራ ነው፤ ግን ሳይናገር ይሄዳል። ፌሮው ከጠነከረና ካልረዘመ፣ መሬት በተንቀጠቀጠ ቀን ምሰሶው እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ስለዚህ ላቦራቶሪው ፌሮው በስንት ቶን እንደተበጠሰ ብቻ ሳይሆን ከመበጠሱ በፊት በመቶ ስንት እንደረዘመም ይጽፋል። ሪፖርቱን ከሚቀበሉት መሐንዲሶች ስንቱ ሁለተኛውን ቁጥር እንደሚያነብ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ኮንክሪቱም እንዲሁ። ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ በ7 ቀኑና በ28 ቀኑ ይጨመቃል፤ ሲ-25 የተባለው ኮንክሪት 57 ቶን ገደማ መሸከም አለበት። የዚህ ሥራ ምሬት ሌላ ነው። ለላቦራቶሪ የሚላክ ኪዩብ ብዙ ጊዜ ጎበዝ ነው፤ ሲሚንቶው የጠገበ፣ በወጉ የተጠቀጠቀ፣ ውሃ የጠጣ። አንድ ጊዜ የስድስት ፎቅ ሕንፃ ኪዩቦች ሁሉ አንደኛ ወጥተው፣ እኔ ሳይቱ ላይ ምሰሶውን በመዶሻ ስነካው ጠጠሩ በጣቴ ወጣ። ተቋራጩ ማን እንደነበር አልናገርም። ያን ቀን የገባኝ ይህ ሙያ ከማሽኑ ይልቅ «ናሙናው ከየት መጣ?» በሚል ጥያቄ እንደሚጀምር ነው። ከተሠራው ግድግዳና ምሰሶ ላይ በመሰርሰሪያ ቁራጭ ማውጣት፣ በድምፅ ሞገድ መፈተሽ፣ የተሰነጠቀ ቤት ታጥቆ ይዳን ወይስ ይፍረስ ብሎ መወሰን ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። ቤቱ በበዛበት ከተማ ደግሞ ሥራው አያልቅም።

የደመወዙ ነገር ከተነሳ፣ ከዚህ የተሻለ የሚከፈለው ነገሩን ሳይሰብሩ ስንጥቁን ለሚያገኙት ነው። ቦሌ ባለው የአየር መንገዳችን የጥገና ማዕከል እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች አሉ። ከሞተር የወጣ አንድ የብረት አካል በደንብ ይታጠብና አረንጓዴ ቢጫ ፈሳሽ ይቀባል። ፈሳሹ ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ እስኪገባ ይጠበቃል። ከዚያ ላዩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ተቆጣጣሪው ጨለማ ክፍል ገብቶ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይቆማል፤ በኋላ የአልትራቫዮሌት መብራቱን ያበራል። ጤነኛው ብረት ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይተኛል። ስንጥቅ ካለ፣ ከፀጉር የቀጠነ የሚነድ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ይህን ለማድረግ ዲግሪ የግድ አይደለም፤ ሥልጠና፣ የተመዘገበ የልምምድ ሰዓትና ፈተና ይጠይቃል፣ ደረጃውም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ይወጣል። የምስክር ወረቀቱ አገር ይሻገራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ማጣሪያዎችና ቧንቧዎች ላይ ብየዳ የሚፈትሹ ሰዎች የሚቀጠሩት በዚሁ ዓይነት ወረቀት ነው። በአረብ አገር በጉልበት ሥራ ለሚንከራተት፣ ብየዳ ለሚችል ወጣት ይህን መንገድ የሚነግረው ሰው መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

አውሮፕላኑ ራሱ ግን ከብረት እየራቀ ነው። ነገሩ የጀመረው ከብርጭቆ ነው። ፋርንቦሮ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው አላን ግሪፊዝ በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ብርጭቆ እየቀጠነ ሲሳብ እየጠነከረ እንደሚሄድ አሳየ፤ በጣም የቀጠነው ክሩ ከወፍራሙ ብርጭቆ 20 እጥፍ ገደማ ጠንካራ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክሩ ሲቀጥን ትልቅ ስንጥቅ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጠንካራ ነገር ከፈለግህ ቀጭን ክሮችን በሙጫ አያይዝ። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ረግጦ ግድግዳ የመረገ ገበሬ የዚህን ነገር ሌላኛውን ግማሽ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ የሚከፈተውን ስንጥቅ ይዞ ያስቀራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድማ የተረከበችው ቦይንግ 787 በክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተሠራ ነው።

ችግሩ ከክርና ከሙጫ የተሠራው ነገር ሲጎዳ እንደ ብረት አለመጎድጎዱ ነው። መሰላል ቢመታው ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ንብርብሩ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ከትልልቅ መሣሪያዎች ጎን በሳንቲም መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ አለ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተለያየው ይታፈናል። ሐብሐብ የሚገዛ ሰው የሚያደርገው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረው «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የእኛው 787 ከጭራው አጠገብ ጣሪያው ተቃጠለ፤ መነሻው የአደጋ ጊዜ አመልካች መሣሪያ ባትሪ ነበር። ያን ጊዜ የጠጣሮች ሜካኒክስ ባለሙያዎችን የጠራው ጥያቄ የተቃጠለው የት ነው የሚል አልነበረም፤ እሱ በዓይን ይታያል። ሙቀቱ ሙጫውን ያደከመው ከጥቁሩ ቦታ አልፎ እስከ የት ነው? ከየት ይቆረጥ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር በምን ይያያዝ? አውሮፕላኑ ተጠግኖ በ2014 መጨረሻ ወደ ሥራ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ጥገና ገና ብዙ ምርምር የሚፈልግ መስክ ነው።

ምርምር ሲባል የግድ አውሮፕላን አይደለም። አክሱም ወድቆ የተኛውን ታላቁን ሐውልት ያየ ሰው የዚህን ሙያ ትልቁን ፈተና አይቷል። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ፤ ብዙ አጥኚዎች ሲያቆሙት ወይም ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ። ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና የተተከለው ወንድሙ 24 ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው 9 ሜትር ቀላል ይመስላል። ጋሊሊዮ በቁም እስር ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። አንድን ሐውልት በሁሉም አቅጣጫ በእጥፍ ብታሳድገው ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ክብደት የሚሸከመው የቁራጩ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ። ትልቁ በራሱ ሸክም ከትንሹ ይልቅ ደካማ ነው። የአክሱም ጠራቢዎች ይህን በልምድ ያውቁት ነበር ወይ? ሲያነሱት የት የት ደግፈውት ነበር? መጀመሪያ የተሰበረው ወገቡ ነው ወይስ መሠረቱ ነው የከዳው? የመመረቂያ ርዕስ አጣሁ ለሚለኝ ተማሪ ይህን እሰጣለሁ። የድንጋዩን ጠባይ መለካት፣ ስብራቱን ማንበብ፣ ማንሳቱን በኮምፒውተር መድገም፤ ሦስቱም የሙያው ክንፎች እዚህ ይገናኛሉ።

ኮምፒውተሩን ካነሳሁ አይቀር። ዛሬ ክፍት የሥራ ማስታወቂያው የሚበዛው በሲሙሌሽን ነው፤ አባቁስ፣ አንሲስ የሚባሉ ሶፍትዌሮች። የፈቃድ ገንዘብ የሌለው ተማሪ በነፃ የሚገኘውን ካልኩሊክስ ይዞ መጀመር ይችላል። እኔ የምፈራው ያንን የሚያምር ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ነው። ኮምፒውተሩ የሰጠኸውን ያምናል፤ ብየዳው ክፉ እንደሆነ፣ ኪዩቡ ለላቦራቶሪ የተጋገረ እንደሆነ አያውቅም። ቀጣሪ ብሆን፣ አንድ ነገር በእጁ ሰብሮ ከዚያ ስሌቱ ለምን እንደሳተ የሚነግረኝን ልጅ እመርጣለሁ።

ውጭ ሄዶ መማር ለሚያስብ ጥቂት ነገር ልበል። ትምህርቱ በአንድ ስም አይገኝም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ውስጥ፣ ሌላው ሲቪል፣ ሌላው ኤሮስፔስ፣ ሌላው ማቴሪያል ሳይንስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ «ሶሊድ ሜካኒክስ» ወይም «ፍራክቸር» ብለህ የፕሮፌሰሮቹን ሥራ ነው መፈለግ ያለብህ። አሜሪካ በዚህ መስክ ዶክትሬት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፕሮፌሰሩ የምርምር ረዳት ሆኖ ክፍያው ተሸፍኖለት ኪስ ገንዘብ ይቀበላል፤ ጀርመን ብዙ ጊዜ እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ ነው። አሜሪካ ላሉት ደግሞ አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ ከመከላከያና ከጠፈር ጋር የተያያዙ ብዙ ሥራዎች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ትምህርቱ ከማለቁ በፊት ይህን ያላወቀ ሰው ማመልከቻው ለምን በሩ ላይ እንደሚቀር ግራ ይገባዋል። የሕክምና ተከላ፣ የመኪና፣ የነፋስ ኃይልና የግንባታ መስኮች ብዙም ይህ ገደብ የለባቸውም። ለሃምሳ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ ደግሞ ተዉት። የአንዱን ሰው አንድ ጽሑፍ አንብቦ «ሥዕል 6 ላይ ያለው ስንጥቅ ለምን ዞረ?» ያለ ተማሪ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አገር ውስጥ የሚቀረውም የሚሰብረው አያጣም። ቀርከሃ አለን፤ የደጋው ውስጡ ባዶ፣ የቆላው ድፍን ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ ሲጎብጡ የሚሰበሩት በተለያየ መንገድ ነው። ከቆጮ ሥራ የሚተርፈው የእንሰት ቃጫ አለ፤ ሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሲረጥብስ? እዚህ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሳነሳ ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ሊድስ ውስጥ በሱፍ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ ሄንሪ ዳንኤልስ የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው በ1945 ይህንኑ በሒሳብ ሠርቶታል። ክሮች ሁሉ እኩል ጠንካራ አይደሉም። ደካማው ቀድሞ ይበጠሳል፤ የእሱን ሸክም ሌሎቹ ይካፈላሉ፤ ከዚያ ቀጣዩ ደካማ ይበጠሳል። ስለዚህ የጥቅሉ አቅም የክሮቹ አቅም ተደምሮ ከሚመጣው ያነሰ ነው። ድሩ አንበሳውን ማሰሩን ያስር ይሆናል፤ አንበሳው ግን በሒሳብ ከጠበቅነው ከሳ ያለ መሆን አለበት።

ባለፈው ክረምት ለልምምድ የመጣች ተማሪ ፌሮ ስትበጥስ ዋለች። የተበጠሱት ጫፎች በር አጠገብ ባለው በርሜል ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲሞላ ቁራሌው ይወስደዋል። ወደ ማታ ላይ ጎንበስ ብላ በርሜሉን ስትበረብር አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ለምን ስኒ አልሠራም?» አለችኝ።

አየሁት። ወገቡ አልቀጠነም፤ ጫፉ ሜዳ ነው፣ ያብለጨልጫል። ዳሩ ላይ ምስር የምታህል የብየዳ ጠብታ ነበረች፤ ሳይት ላይ አንድ ሰው ስታፋውን በሽቦ ከማሰር ይልቅ በብየዳ ነካ አድርጎት ይሆናል። ናፍጣው የት እንዳለ አሳየኋት፣ ጨርቅም ሰጠኋት። ቁራሌው በማግስቱ መጥቶ በርሜሉን መዝኖ ሲጭን እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ቁራጩን ወደ ብርሃን እያዞረች ነበር። የናሙናውን ቁጥር መዝገቡ ላይ ጽፋዋለች፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አለ።